ስለ ዋላ የሆድ ትላትልና ስለ መድኃኒቱ አሰጣጥ

ኮሶ መጠጣት በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶውን አበባ አስፈጭቶ፥ በውኃ በጥብጦ፥ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር፤ ትሉም ይወጣለት ነበር። ዳሩ ግን ሰውዬው ከመድኃኒቱ በኋላ ወደ ጥሬ ሥጋው ስለሚመለስ፥ ትሉም ወደ ሆዱ ይመለስ ነበር። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም፤ ትሉ የሚገባበት በር ሳይዘጋ ስለ ቀረ ነው።

ሣር ግጠው በሚኖሩ እንስሳትም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ለእነርሱ የትሉ በር ሥጋ ሳይሆን ሣር ነው። በሩቅ አገር ዋላ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ነገር ከ50 ዓመት በላይ በፈጀ ድካምና በብዙ ኪሣራ ተምረውታል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ትምህርት፥ ዋላን በአጥር የሚያረቡና ዋላን በዱር የሚጠብቁ ሰዎች የሆድ ትልን በምን እንደ ተዋጉት፥ በምንስ እንደ ተሳሳቱ ይገልጻል። የወረዳ ሹማምንት ዋላ ባይኖራቸውም በግ፥ ፍየልና ላም አላቸው፤ ስለ እነዚህም ለሚነሣው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ከዚህ ይገኛል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛ ክፍል፤ ዋላ ምን እንደ ሆነና ወደ አጥር እንዴት እንደ ገባ

ዋላ በአውሮፓ፥ በእስያና በአሜሪካ በብዛት የሚገኝ አውሬ ነው፤ በአፍሪካ ግን በተፈጥሮው የሚኖረው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የለም። በአገራችን አጋዘን የሚባለው ከዋላ የተለየ ነው፤ የአጋዘን ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ ሲኖር፥ የዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። ሁለቱም የሚያመሰኩና ሆዳቸው በአራት ክፍል የተከፈለ ስለ ሆነ፥ የሚያገኛቸው የትል ወገን የተቀራረበ ነው።

የዋላን እርባታ ለማወቅ ከሁሉ የምትሻለው አገር ኒው ዚላንድ ናት። ይህች በደቡብ ባሕር ያለች የደሴት አገር በተፈጥሮዋ ዋላ አልነበረባትም። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ለአደን ብለው ቀዩን ዋላ በመርከብ አምጥተው ለቀቁት። እርሱን የሚበላ ሌላ አውሬ ስላልነበረ በዝቶ ደኑን አጠፋ፤ ከ1930 ገደማ ጀምሮም መንግሥት አዳኞች ቀጥሮ ያስገድለው ጀመር። በኋላ ግን ሥጋው በጀርመን አገር፥ ሳይጠነክር የሚቈረጠው ለጋ ቀንዱም በኮርያና በቻይና ገበያ አገኘ። ስለዚህ በ1969 ዋላን በአጥር ማርባት በሕግ ተፈቀደ። በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአጥር ውስጥ ያለው ዋላ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ቀንሶአል። እንደ ተባይ ሲታደን የኖረው አውሬ በአንድ ትውልድ ዘመን ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ዋላው በዱር ሳለ በሰፊ ተራራ ላይ ተበትኖ ይግጥ ነበር፤ ዛሬ የበላበትን ስፍራ ነገ አይመለስበትም ነበር። በአጥር ከገባ በኋላ በራሱ በጠጥ ላይ ቆሞ ይግጥ ጀመር። የትሉ ነገር የከፋው ከዚህ የተነሣ ነው። በመጀመሪያዎቹ የእርባታ ዓመታት ከእናታቸው የተለዩ ብዙ ግልገሎች በትል አለቁ።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ትሉ አኗኗር

በዋላ ሆድ የሚኖሩት ትላትል ብዙ ዓይነት ናቸው። ብዙ ጉዳት የሚያደርሱት፥ ምግብ በኮምጣጣ ውኃ በሚሟሟበት በአራተኛው የሆድ ክፍል የሚቀመጡት እንደ ክር የቀጠኑ ትሎች ናቸው። ርዝመታቸው 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ አራጁ ሆዱን ከፍቶ ቢያይ እንኳ ሳያስተውላቸው ያልፋል። ከእነርሱ ሌላ ሄሞንኩስ የሚባል ደም መጣጭ ትል አለ፤ ይህ በበግና በፍየል ሆድም በብዛት ይገኛል፤ እንስቲቱ በአንድ ቀን ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ እንቍላል ትጥላለች። ደግሞም የሳንባ ትል አለ። እርሱም ከሣር ጋር ተውጦ፥ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። መኖሪያው ሆድ ባይሆንም የገባበት በር ያው ሣሩ ነው፤ ለሆድ ትል ከሚሰጡትም መድኃኒቶች ብዙዎቹ ለእርሱ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከሆድ ትሎች ጋር አብሮ ይነገራል።

የሆድ ትሉ እንቍላል ከበጠጥ ጋር ወደ መሬት ይወድቃል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ታናሽ ትል እጭ ይባላል፤ በበጠጡ ውስጥ እየተመገበ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል። ይህ ሁሉ በሞቃት ወራት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጸማል፤ በብርድ ወራት ግን ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። እጩ ሦስተኛውን ደረጃ ሲደርስ መብላቱን ይተውና፥ ጤዛና ዝናብ ባረጠበው ሣር ላይ እየተሳበ ይወጣል። ከመሬት ብዙ አይርቅም፤ የሚበዛው በሣሩ ግርጌ፥ በጥቂት ጣት ከፍታ ውስጥ ይቀመጣል። ዋላው ሣሩን ሲግጥ እጩንም አብሮ ይውጠዋል፤ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ እጩ አድጎ እርሱም በተራው እንቍላል መጣል ይጀምራል።

ከዚህ አኗኗር ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፤ ይህ ዓይነት ትል በእንስሳው ሆድ ውስጥ ሆኖ ቍጥሩን አያበዛም፤ በሆድ ያለው እያንዳንዱ ትል አንድ በአንድ ከመስክ የተዋጠ ነው። ሁለተኛ፤ የትሉ ወገን የሚበዛው በሆድ ሳይሆን በመስክ ላይ ነው። እንግዲህ መድኃኒት የሚደርሰው በሆድ ላለው ለጥቂቱ ወገን ብቻ ነው፤ በሣር ላይ ያለውን ብዙውን ወገን ምንም አያደርገውም።

ትሉ ሌላም ብልሃት አለው። በአውሮፓና በኒው ዚላንድ ብርዱ ሲበረታ፥ የተዋጠው እጭ በአራተኛው የሆድ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ገብቶ፥ ሳያድግ ለወራት ተኝቶ ይቈያል። ብርዱ አልፎ ሣሩ ሲለመልም ብዙዎቹ ባንድነት ነቅተው ግድግዳውን እየሸነቈሩ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ እንስሳው መልካም ሣር እየበላ ይከሳል፤ ባለቤቱም ምክንያቱ ይጠፋበታል።

ሦስተኛ ክፍል፤ ስለ ምልክቱና ስለ ምርመራው

ዋላ በአጥር ቢገባም የዱር ጠባዩን አልተወም። ደካማነቱ በአዳኝ አውሬ እንዳይታወቅበት በሽታውን ይሰውራል። በሬ የሳንባ ትል ሲይዘው አብዝቶ ያስላል፤ ዋላ ግን ጥቂት ብቻ ያስላል፥ ወይም ጨርሶ አያስልም። እረኛው ዛሬ ቆሞ ያየውን ግልገል ነገ ሞቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው ሊጠብቀው የሚገባው ምልክት ይህ ነው፤ ግልገሉ ከእኩዮቹ በክብደት ማነሱ፥ ጠጕሩ መክረሩና ማማሩን መተዉ፥ ኋላው በተቅማጥ መቈሸሹ፥ መንጋው ሲነዳ ወደ ኋላ መቅረቱ። ከአንድ ዓመት በታች ያለው ግልገል ከሁሉ ይልቅ ይጐዳል፤ ዕድሜው ሲጨምር ሰውነቱ ትሉን መከላከል ይማራልና። ከአሜሪካ የመጣው ዋፒቲ የሚባለው ትልቁ ዋላ ግን ከቀዩ ዋላ ይልቅ ለትል ደካማ ነው፤ ጐልማሳውም እንኳ በአራተኛው ሆድ ትሎች ምክንያት እየመነመነ ይሞታል።

በዓይን የታየውን በምርመራ ማረጋገጥ ይገባል። የምርመራው መንገድ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው እንቍላል መቍጠር ነው። ትኵስ በጠጥ ተመዝኖ፥ ጨው በጠገበ ውኃ ይበጠበጣል፤ እንቍላሉ ከውኃው ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያም በልክ በተሠራ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ይቈጠራል፤ በ1 ግራም በጠጥ ውስጥ ስንት እንቍላል እንዳለም ይታወቃል። ይህ የመስተዋት ዕቃ ማክማስተር ይባላል፤ አቈጣጠሩም በ1939 በአውስትራልያ ታውቆ ወጣ።

ሁለተኛው የሳንባ ትልን እጭ መፈለግ ነው። በጠጡ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለብ ባለ ውኃ ላይ ሌሊቱን ይንጠለጠላል፤ እጮቹ ከጨርቁ ወጥተው ወደ ታች ስለሚሰጥሙ፥ በነጋታው ከሥር ያለው ውኃ ይመረመራል።

ሦስተኛው በቄራ የሚደረግ ነው፤ የታረደውን ወይም የሞተውን ዋላ አራተኛ የሆድ ክፍል ከፍቶ፥ አጥቦ፥ ትሉን መቍጠር። ይህ ድካም ቢኖረውም እውነቱን የሚገልጸው እርሱ ነው። ዋላን የሚያጠቁት ዋነኞቹ የአራተኛው ሆድ ትሎች የሚጥሉት እንቍላል ጥቂት ነውና፥ እንቍላል አነሰ ተብሎ ትል የለም ብሎ መፍረድ ያሳስታል።

አራተኛ ክፍል፤ በአጥር ላለው ዋላ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ

ከ1940 በፊት በጎች የሚጋቱት ሰማያዊ የመዳብ ጨው ከትንባሆ መርዝ ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ ሚዛኑ ጥቂት ቢያልፍ በጉን ራሱን ይገድል ነበር። በ1961 ታያቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት ወጣ፤ ትሉን እየገደለ እንስሳውን ስለማይጐዳ ታላቅ ደስታ ሆነ። ከእርሱም ወገን እነ አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ተከተሉ። ሌላው ወገን ሌቫሚዞል ነው። ሦስተኛው ወገን በ1981 ለእንስሳት የቀረበው አይቨርሜክቲንና ከእርሱ በኋላ የመጣው ሞክሲዴክቲን ነው። የአይቨርሜክቲን ምንጭ ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአገሩ አፈር ያገኘው ረቂቅ ሕዋስ ነው፤ እርሱና መድኃኒቱን በትል ላይ የፈተነው ዊልያም ካምፕቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል።

መድኃኒቱ እንዲህ መልካም ከሆነ፥ አሰጣጡም መልካም መሆን አለበት። በዋላ እርባታ የታወቁት ደንቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ እንስሳውን በዓይን ገምቶ መስጠት ስሕተት ነው። በሚዛን መመዘን፥ ሚዛን ከሌለም በመንጋው ካሉት ከሁሉ በሚከብደው ልክ መስጠት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ለላም የተጻፈውን መጠን ለዋላ መስጠት አይበቃም። የዋላ ሰውነት አንዳንዱን መድኃኒት፥ ይልቁንም የታያቤንዳዞልን ወገን፥ ከላም ይልቅ ፈጥኖ ያጠፋዋል። በ1980ዎቹ በኒው ዚላንድ በተደረገ ምርመራ፥ አንድ ዓይነት መድኃኒት በዋላ ደም ውስጥ የተገኘው በላም ደም ከተገኘው አንሶ ታይቶአል። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሦስተኛ፤ በጀርባ ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ለሠራተኛ ምቹ ነው፤ ዱር ለዱር የኖረውን ዋላ አፉን ከፍቶ ከመጋት ይቀላልና። ነገር ግን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ከአንዱ ዋላ ወደ ሌላው እኩል አይሆንም። በአፍ የሚጋተው ወይም በመርፌ የሚሰጠው ልኩ የታወቀ ነው።

አራተኛ፤ ጊዜውን መምረጥ ነው። በኒው ዚላንድ ግልገሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ይወለዳል፥ በመጋቢት ገደማ ከእናቱ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ከሁሉ የሚያሠጉ ናቸው። መድኃኒቱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለግልገሉና በእነዚህ ወራት ነው፤ የወፈረውን ጐልማሳ ዘወትር መጋት ገንዘብ ማባከን ነው።

አምስተኛ፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ማየት ነው። ከተሰጠ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በጠጡ እንደ ገና ይመርመር። እንቍላሉ ካልጠፋ፥ ወይ አሰጣጡ ተበላሽቶአል፥ ወይ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል።

ስድስተኛ፤ መድኃኒት የወሰደ እንስሳ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይፈጸም አይታረድም፤ መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ይቈያልና።

አምስተኛ ክፍል፤ መድኃኒትን ስለ ለመደ ትል

የኒው ዚላንድ አርቢዎች የደረሰባቸው ጥፋት በዚህ ክፍል ይነገራል። በጀርባ የሚፈሰው ሞክሲዴክቲን ሲመጣ፥ አርቢው ሁሉ ከችግሩ የተገላገለ መሰለው። መድኃኒቱ የሆድ ትልንም የሳንባ ትልንም ይገድላል፤ በሰውነትም ውስጥ ለሳምንታት ይቈያል፤ ለሠራተኛም አያስቸግርም። ስለዚህ ዓመት በዓመት እርሱኑ ብቻ፥ ለመንጋው ሁሉ፥ ደጋግመው አፈሰሱ። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። ከ2010 በኋላ ግን መድኃኒት የተሰጣቸው ዋላዎች ታርደው ሆዳቸው ሲታጠብ፥ በአራተኛው የሆድ ክፍል በሕይወት ያሉ ትሎች በብዛት ይገኙ ጀመር።

ትሉ መድኃኒትን የሚለምደው ሰው በርበሬ እንደሚለምድ አይደለም። ከብዙ ሺህ ትሎች መካከል በተፈጥሮው መድኃኒቱ የማይገድለው ጥቂት ትል ይኖራል። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል፥ ያ ጥቂቱ ብቻውን ቀርቶ ይወልዳል፤ ልጆቹም እንደ አባታቸው ናቸው። መጠኑ አንሶ ሲሰጥ ደግሞ፥ በሙሉ መጠን ሊሞት የሚችለው እንኳ ይተርፋል። አርቢው መድኃኒቱን በሰጠ ቍጥር ደካማውን ትል እየነቀለ ጠንካራውን ዘር ይዘራል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር የቀድሞው ምክር ራሱ ተለውጦአል። በፊት፥ መንጋውን ሁሉ ጋቱና በዚያው ቀን ወደ ንጹሕ መስክ አዛውሩ ይባል ነበር። ነገሩ ብልህ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በንጹሑ መስክ ላይ የሚዘራው እንቍላል መድኃኒቱን ካለፈው ትል ብቻ የተወለደ ይሆናል። ዛሬ የሚመከረው፥ ከመንጋው መካከል የወፈሩትንና ጤነኞቹን ጐልማሶች ሳይሰጡ መተው ነው፤ መድኃኒት ያልነካው ደካማ ትል በመስክ ላይ ቢገኝ ከጠንካራው ጋር ይደባለቃልና፥ የጠንካራው ዘር ብቻውን አይነግሥም። እንደዚሁም የተለያዩ ወገኖችን መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ይመከራል፤ አንዱን መድኃኒት ያመለጠ ትል በሌላው ይሞታልና።

ከሌላ ስፍራ የተገዛ እንስሳ ሲመጣ ደግሞ፥ ከመንጋው ለብቻው ተለይቶ መድኃኒት ተሰጥቶት፥ በጠጡ ተመርምሮ መግባት አለበት። መድኃኒት የለመደ ትል በአገር ውስጥ የሚዛመተው በገዛ እግሩ አይደለም፤ በተሸጠና በተገዛ እንስሳ ሆድ ተጭኖ ነው።

ስድስተኛ ክፍል፤ መስኩን ስለ ማከም

መድኃኒት በሣር ላይ ያለውን ትል ካልገደለ፥ ሣሩን ማን ያክመዋል? መልሱ ቀን፥ ፀሐይ፥ ማረሻና ሌላ እንስሳ የሚል ነው።

እጩ በሣር ላይ ሳለ አይበላም፤ በበጠጡ ውስጥ ሳለ ተመግቦ ባከማቸው ስንቅ ይኖራል። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል፤ በሙቀት ፈጥኖ፥ በብርድ ቈይቶ። ስለዚህ ያረፈ መስክ እየጠራ ይሄዳል፤ ለድርቆሽ የታጨደ፥ ወይም ታርሶ አዲስ ሣር የበቀለበት መስክ ከሁሉ የጠራ ነው። እንዲህ ያለው መስክ ለግልገሉ ይሰጥ፤ ጐልማሳው በተረፈው ይግጥ። የሣሩ ግርጌ የእጩ መኖሪያ ስለ ሆነ፥ መንጋው ሣሩን እስከ ሥሩ እንዲጨርስ አይተውም፤ ከፍ ብሎ ሳለ ወደ ሌላ መስክ ይዛወር።

በመስኩ ላይ ዋላውን ከበግ ወይም ከላም ጋር ማፈራረቅ ሌላው ብልሃት ነው። ከትሎቹ የሚበዙት እያንዳንዳቸው የራሳቸው እንስሳ አላቸውና፥ የዋላ ትል በበግ ሆድ ሲገባ ሳይወልድ ይቀራል። በጉ እንደ መጥረጊያ ሆኖ መስኩን ያጸዳል ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም ትል እንዲህ አይደለም፤ በዋላም፥ በላምም፥ በበግም የሚኖር ትል ስላለ፥ የላምም የሳንባ ትል ዋላን ሊይዝ ስለሚችል፥ ይህ ብልሃት መድኃኒቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከሣሩም ዓይነት የሚረዳ አለ። ቺኮሪ የሚባለውን ሥረ ረጅም ቅጠል የጋጡ የዋላ ግልገሎች፥ ተራ ሣር ከጋጡት ይልቅ መድኃኒት ያስፈለጋቸው ጥቂት ጊዜ እንደ ሆነ በኒው ዚላንድ በተደረገ ፈተና ታይቶአል። በደንብ የተመገበ ሰውነት ትሉን በራሱ ይከላከላል።

ሰባተኛ ክፍል፤ በዱር ስላለው ዋላ

በዱር ያለ ዋላ ሁሉ ማለት ይቻላል ትል አለበት። በስኮትላንድ በረም ደሴት የሚኖሩት ቀይ ዋላዎች ከ1953 ጀምሮ እየተጠኑ ኖረዋል፤ በበጠጣቸውም የሆድ ትል እንቍላል ይገኛል፥ ይልቁንም በግልገሎቹና በወንዶቹ። መድኃኒት የሚሰጣቸው የለም፤ መንጋው ግን አለ። ደካማው ይሞታል፥ ጠንካራው ይወልዳል፤ ትሉና ዋላው ተላምደው ይኖራሉ። ስለዚህ በዱር ዋላ ሆድ ትል ተገኘ ተብሎ ወደ መድኃኒት መሮጥ አይገባም።

መድኃኒት የሚያስፈልገው፥ ሰው ራሱ ያመጣው ትል ሲሆን ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የሆድ ሳይሆን የጉበት ትል ነው፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ሆድ ትሎቹ ከመስክ ይዋጣልና፥ ለትምህርቱ ይጠቅማል። የአሜሪካ ታላቁ የጉበት ትል በመጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ብቻ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት፥ በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ አጠገብ ላለው የንጉሥ አደን ስፍራ ዋላዎች ከአሜሪካ ተጭነው መጡ፤ ትሉም በጉበታቸው ተደብቆ ገባ። ሮቤርቶ ባሲ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በ1875 ትሉን በዚያው ስፍራ አግኝቶ ስም ሰጠው። ዛሬ ይህ ትል በአውሮፓ በሰሜን ጣልያን፥ በቼክ አገርና በጎረቤቶቿ፥ በዳኑብ ወንዝም ዳር ባሉት ረግረጋማ ደኖች ይኖራል። በቀዩ ዋላ ጉበት በከረጢት ታስሮ ይቈያል፤ ትንሹን የአውሮፓ ዋላና በግን ግን፥ በጉበት ውስጥ እየዞረ ፈጥኖ ይገድላቸዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው በረግረግ የሚኖር ታናሽ ቀንድ አውጣ ነው።

በ2000 ይህ ትል በክሮኤሽያና ከቪየና ከተማ በስተምሥራቅ በዳኑብ ዳር ባሉት ቀይ ዋላዎች ላይ ሲገኝ፥ የአገሩ ሐኪሞች ትራይክላቤንዳዞል የሚባለውን መድኃኒት ከመኖ ጋር ቀላቅለው በብርድ ወራት በደኑ ውስጥ በመመገቢያ ስፍራ አኖሩለት። ትሉ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ምክንያቱን መመርመር ይጠቅማል። የዱር ዋላ አይመዘንም፤ ስለዚህ ማን ስንት እንደ በላ አይታወቅም። ጕልበተኛው ወንድ በመኖው ላይ ቆሞ ሌላውን ያባርራል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግልገል ሳያገኝ ይቀራል። ወደ መመገቢያው የማይመጣም ዋላ አለ። በረግረጉም ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ መድኃኒቱ አይነካውም። አዳኙም በመድኃኒቱ ወራት የገደለውን ሥጋ እንዳይበላ መጠበቅ አለበት።

ከዚህም ሌላ ተበትኖ የሚኖረውን አውሬ በመኖ ወደ አንድ ስፍራ መሰብሰብ፥ በጠጡን በአንድ ስፍራ መከመር ነው። ለሆድ ትል ከዚህ የሚስማማው ነገር የለም። የአይቨርሜክቲን ወገን የሆነ መድኃኒትም በበጠጥ ውስጥ ወጥቶ፥ በጠጡን ወደ አፈር የሚመልሱትን ጢንዚዛዎች ይጐዳል። እንግዲህ በዱር መድኃኒት መበተን ከትርፉ ይልቅ ጕዳቱ እንዳይበዛ ሊታሰብበት ይገባል። በቶሪኖ አንድ መርከብ እንስሳ ሳይመረመር መግባቱ ያስከተለው ጥፋት፥ ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ሊነቀል አልቻለም።

ስምንተኛ ክፍል፤ ከዚህ ትምህርት ለሹማምንት የሚጠቅመው

በደጋው ያሉት በጎችና በቈላው ያሉት ፍየሎች፥ ከላይ የተነገረውን ሄሞንኩስን በሆዳቸው ይዘውታል። ስለዚህ ዋላ አርቢው የተማረው ሁሉ ለባላገሩም ይሠራል። የወረዳ ሹማምንት የሚከተሉትን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

መድኃኒት ለወረዳው ሲደርስ፥ ሚዛንም አብሮ መኖሩ ይጠየቅ። ሚዛን ከሌለ፥ መንጋው በግምት እንዳይጋት ሐኪሙ መጠኑን ያስረዳ። ባላገሩ ለቍጠባ ብሎ የአንድ በግ ክኒን ለሁለት በግ ከፍሎ እንዳይሰጥ ይመከር፤ ይህ ቍጠባ የሚመስለው ነገር ሁለቱንም በግ ሳያድን መድኃኒት የለመደውን ትል ያሳድጋል።

መድኃኒት ተሰጥቶ ከ14 ቀን በኋላ ከጥቂት በጎች በጠጥ ተወስዶ እንዲመረመር ይደረግ። ስንት እንስሳ ተጋተ የሚለው ቍጥር ብቻውን የሥራ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ስንቱ ዳነ የሚለው ነው።

ከገበያ ወይም ከሌላ አውራጃ የሚገባ መንጋ፥ ከነባሩ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይቈይ።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን በባሌ ተራሮች ከላምና ከፈረስ ጋር በአንድ መስክ ይግጣል። በዚያ ወይም እንደዚያ ባለ ስፍራ አጋዘን ከሥቶ ወይም ሞቶ ቢገኝ፥ ለአውሬው መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የሞተው በሐኪም እንዲከፈት፥ አብሮት የሚግጠውም ከብት እንዲመረመር ይደረግ። በዱር ያለውን እንስሳ ከምንም አስቀድሞ የሚጠብቀው የጎረቤቱ የቤት እንስሳ ጤንነት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የሆድ ትል የሚከላከሉት በሣር ላይ ሳለ ነው፤ ሆድ ከገባ በኋላ በመድኃኒት ማሳደድ ግዴታ ቢሆንም፥ መስኩ ካልተጠበቀ በየወሩ የሚደገም የኮሶ ጠጪ ሥራ ይሆናል። መድኃኒቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ኃይሉም አንድ ጊዜ በአጠቃቀም ጕድለት ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ መድኃኒትን እንደ ዘር እህል ቈጥቦና በልኩ ማውጣት፥ ለመንጋው ባለቤትም፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ትውልድም የሚጠቅም ነው።